የሚካኤል ዕለት የተቆለፈ በር

«አለበል፣ ከበሮ ይሰማኛል» አሉ የኔታ ጥዑመ ልሳን፣ ገና ከአልጋቸው ሳይወርዱ። «ዛሬ ምን ቀን ነው?»

አለበል ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር፤ እጁ ቆም አለ። ከሽምብጥ ሚካኤል የሚመጣው ከበሮና እልልታ በመስኮት ገብቶ ቤቱን ሞልቶታል፤ ደንቆሮ እንኳ ይሰማዋል። ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ባሕር ዳር ነጭ ለብሳ ወጥታለች። ልጅ ለአባቱ «ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው አባባ» ቢል ምን ይጎዳው ነበር? ግን ያን ካለ አለቀለት። አባቱ መቋሚያቸውን ያነሣሉ፣ ማኅሌት ካልቆምሁ ይላሉ፤ ደግፎ መውሰድ፣ ታቦቱ እስኪገባ መጠበቅ፣ ደግፎ መመለስ ይመጣል። ቀኑ ሄደ ማለት ነው። አለበል ደግሞ ዛሬ የሚሰጠው ቀን የለውም።

«ሠርግ ነው፣ አባባ» አለ።

«በዚህ ጧት?»

«የዘንድሮ ሠርግ መቼ ሰዓት ያውቃል!»

የኔታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ላፕቶፑ ከቦታው ተነሥቷል። ባዶውን ቦታ ጥቂት አዩትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አለበል ይህን አይቷል። አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔታ የደቅ ደሴት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ። ልጅ ልጃችሁ የሚያየው ፋሲካ መቼ ይውላል ብትሏቸው፣ ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው ሻያችሁ ሳይበርድ ይነግሯችኋል። አምና በክረምት ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ዳነ፣ ምላሳቸውም ተፈታ፤ አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ቀረ። የዛሬን ቀን መያዝ አቃታቸው። አበቅቴውን አይስቱም፣ መጥቅዑን አይስቱም፤ ዛሬ ማክሰኞ ይሁን ዓርብ፣ ጥቅምት ይሁን ኅዳር ግን ወዲያው ከእጃቸው ይወጣል። ስለዚህ ይጠይቃሉ። ሲነሡ ይጠይቃሉ፤ እንጀራው ቀርቦ ሳይባርኩ ይጠይቃሉ፤ ተነግሯቸው ዞር ሳይሉ ደግመው ይጠይቃሉ።

አለበልም ሰው ነውና መረረው። ሰሞኑን አንድ ምሽት «አባባ፣ ከእንግዲህ እኔን አይጠይቁኝ፤ ይኸው እዚህ ይዩት!» ብሎ የላፕቶፑን ቀን በእጁ ወደ እኛው አቆጣጠር ለወጠላቸው። ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም፣ ሰዓቱን ሳይቀር። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ በጣም ደስ አላቸው። «ይህ ዕቃ መቼ ክርስትና ተነሣ?» ብለው ቀለዱ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን አልጠየቁም። ጧት ጧት ከላፕቶፑ ፊት ይቆማሉ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር ያነባሉ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይመለሳሉ። አለበል እፎይ አለ፤ እፎይ ካለ በኋላም ነገሩን ጭራሽ ረሳው።

ዛሬ ግን ላፕቶፑ ከቤት መውጣት አለበት። ለሕፃናት የካርቱን ፊልም የሚሠራ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ለፈተና የአንድ ደቂቃ ፊልም ሠርተህ እስከ ዛሬ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላክ ብለውታል። አለበል ታንኳ ላይ ካልወጣሁ ብሎ የሚያስቸግር ጉማሬ ሠርቷል። ጉማሬው በመጨረሻ ታንኳይቱን አስጥሞ፣ ደንገል አፉ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ከት ብሎ ይስቃል። ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የኔታ ብቻ «ጉማሬ እንዲህ አይስቅም» ብለው አልተቀበሉትም።

ይህን ሥራ ካገኘ እዚሁ ከአባቱ ጋር እየሠራ ይኖራል። ካላገኘ ግን ነገሩ ተቆርጧል። እሑድ አጎቱ ገድሉ ከደቅ በጀልባ ይመጣል፣ የኔታን ይዞ ይመለሳል፤ አለበልም አዲስ አበባ ሄዶ በጓደኛው ማተሚያ ቤት ይቀጠራል። እናቱ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ተለያይተው አያውቁም። «አባቴን እንደ ዕቃ በጀልባ አስጭኜ ልልክ ነው?» ይላል አለበል። ለራሱ ነው የሚለው፤ ማን ይሰማዋል።

በሩን ከውጭ በቁልፍ ዘጋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ይህም አዲስ አይደለም። አንድ ቀን አለበል ሥራ ላይ ተደፍቶ ሳለ የኔታ ወጥተው ጠፉ። ባሕር ዳርን አስሶ አስሶ፣ ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ውኃው ጉልበታቸው ደርሶ፣ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ «ደቅ አድርሰኝ፣ ልጄ» እያሉ ሲለምኑ አገኛቸው። ከዚያ ወዲያ በወጣ ቁጥር ይቆልፋል። ሲቆልፍ ሁልጊዜ ጓጉንቸሩን ቀስ አድርጎ ነው የሚገጥመው፣ ቀጭ ሲል እንዳይሰሙት።

የሥርጉት ሻይ ቤት ፔዳ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ። ሻዩ ተራ ነው፤ ተማሪውን የሚያመጣው ዋይፋዩ ነው። ቤት ያለው የስልክ ኢንተርኔት እንኳን ፋይል ሰላምታም አያደርስ። ሥርጉት አለበልን ከሩቅ ስታየው ወገቧን ያዘች።

«መጣህ ደግሞ? በአንድ ሻይ ሙሉ ቀን ልትጎለት!»

«ዛሬ ሁለት እጠጣለሁ።»

«ሚካኤል ይመስክር! ዛሬ ቀኑ የእሱ ነው» አለችና ከሶኬቱ አጠገብ ያለውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

የቀረው ሥራ ትንሽ ነው። ፊልሙ በድርጅቱ አዲስ ፕሮግራም ተጠናቅቆ መውጣት አለበት፤ ፕሮግራሙ ደግሞ በአሮጌ ድራይቨር አልነሣም አለ። ድራይቨር ማለት እንግዲህ አስተርጓሚ ነው፤ በላፕቶፑና ሥዕሉን በሚሠራው ካርድ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ። አስተርጓሚ የሌለው ካርድ ድንጋይ ነው። የአለበል ላፕቶፕ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው፤ ነፃ ነው፣ ቫይረስ አያሳድደውም፤ ድራይቨር ሲመጣ ግን አመሉ አይጣል ነው። መመሪያውን በስልኩ ከፈተ። መጀመሪያ አሮጌውን አስወግድ፣ ቀጥሎ አዲሱን ጫን፣ ይላል። አሮጌውን አስወገደ። እሱ ምንም አላስቸገረም፣ ደህና ሁን እንኳ ሳይል ሄደ።

አዲሱን ጫን ሲለው ግን ማሽኑ እምቢ አለ። አንድ የስህተት መስመር መጣ፣ ሌላ ተከተለ፣ ገጹ ሞላ። አለበል መጀመሪያ ያለውን «አልተሳካም» የሚለውን ቃል አነበበ፤ የቀረውን ዝብዝብ ማን ያነበዋል? ደገመው። አልተሳካም። «አንድ ጊዜ አጥፍቼ ባስነሣው ይሻለዋል» ብሎ አሰበ። ምነው ባላሰበው! ላፕቶፑ ጠፍቶ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። መስኮት የለም፣ ሥዕል የለም፣ ቀስት የለም፤ ጥቁር ገደል ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ይኸው ተረቱ ሰው ሆኖ ሥርጉት ቤት ተቀምጧል። አሮጌው ድራይቨር የለም፣ አዲሱ አልመጣም፤ ወደ ኋላ እመለሳለሁ ቢል አሮጌውም ከዚያው ከኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ጉማሬው ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

«ዋይፋይሽ ነው» አለ ወደ ሥርጉት ዞሮ።

«የኔ ዋይፋይ? ይኸ ሁሉ ተማሪ ኳስ የሚያይበት?» አለች። ቢሆንም ሳጥኑን አጥፍታ አበራችለት፤ ተማሪዎቹ ጮኹባት፣ እሷ እነሱ ላይ ጮኸች። ወይ ፍንክች! በስልኩ ሲሞክረው ሁሉም ይሠራል፤ ያው ዋይፋይ፣ ያው ወንበር። ላፕቶፑ ብቻ ነው ዓለም የዘጋችበት። የሚያወርድበትን ቦታ ለወጠ፤ አልሆነም። ድራይቨሩን በስልኩ አውርዶ በኬብል አሻገረው፤ እሱም «መጫኛዬን ከኢንተርኔት አምጣልኝ» አለ፣ መጫኛው ደግሞ እምቢ። በዚህ ሲወጣ በዚያ ይጋረጥበታል። የተጻፈውን ትእዛዝ ሁሉ እየገለበጠ ጻፈ፤ ከአንዱ መመሪያ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ሌላው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። በተነቃነቀ ቁጥር ኪሱ ያለው ቁልፍ ጭኑን ይወጋዋል።

አባባ ውኃ አጠገባቸው አለ? አለ። ዳቦስ? አስቀምጧል። መድኃኒቱን ዋጡ? ውጠዋል። ይህን እያለ ራሱን ያጽናናል፤ መለስ ብሎ ደግሞ እዚያው ይጠይቃል፣ ልክ እንደ አባቱ። ቢሄድ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ አባቱ ይሄዳሉ። ቢቀመጥ አባቱ ታስረዋል። የታሰሩትም እንዳይሄዱበት ነው! ወይ ጣጣ! አለበል እንዲህ መውጫ አጥቶ አያውቅም፤ በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ ሻይ ቤት ተቀምጦ ተቆለፈበት።

ስልኩ ጮኸ። ሔራን ናት፣ የድርጅቱ ኃላፊ።

«አለበል፣ እንዴት ነው? ሥራህን ገና አላየሁትም።»

«እየጨረስሁ ነው። ትንሽ... የቴክኒክ ነገር ነው።»

«እሺ፤ ግን እወቀው፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዘጋለን። ያንተን ናሙና ስለወደድኩት ነው የደወልኩት። ከዚያ ካለፈ እኔም ምንም ላደርግልህ አልችልም።»

«ይደርሳል» አለ። የሚደርስበትን መንገድ ቢያውቅ ጥሩ ነበር።

ስልኩን ሳያስቀምጥ ደግሞ ጮኸ። አሁን እትዬ እናትዓለም ናቸው፣ በግቢው ጎረቤቱ የሆኑ። ከኋላቸው እልልታ ይሰማል፤ ታቦት ሸኝተው እየተመለሱ ነው።

«አንተ አለበል! የኔታ በሩ ጀርባ ቆመው ይጣራሉ። ቁልፉን ይዘኸው ሄድህ እንዴ?»

«ይዤው... ተሳስቼ ነው እትዬ። ደህና ናቸው?»

«ደህናስ ናቸው። በመስኮት አነጋገርኋቸው። ‹ዛሬ ምን ቀን ነው?› ይሉኛል። ‹እንዴ የኔታ፣ ሚካኤል ነዋ! ኅዳር ዐሥራ ሁለት!› አልኋቸው። ምነው፣ አልነገርሃቸውም? ከዚያ ወዲያ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመዋል። ‹ታቦቱ ገብቷል የኔታ፣ ይቀመጡ› ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«መጣሁ፣ አሁን መጣሁ» አለና ዘጋው።

አልተነሣም። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዛሬ ምን ቀን ነው። አባቱ ይህን ጥያቄ ለጎረቤት በመስኮት ጠየቁ፤ ልጃቸው አይጠይቁኝ ስላላቸው፣ ቀን የሚነግራቸውን ዕቃም ይዞባቸው ስለወጣ። እጁን ከፊቱ ሲያነሣ ዓይኑ ያረፈው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነው፤ ያ ቀኑን ሙሉ ሲዘለው የዋለው ረጅም መስመር። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ጫፉ አነበበው። «ይህ ዝርዝር ገና ቀኑ አልደረሰም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ለመድረስ የቀረውን ያህል ቀን ጽፏል፤ የዓመታት ቀን።

«ገና?» አለ ጮክ ብሎ። «ምኑ ነው ገና?»

ቀኑን አሳየኝ ብሎ ማሽኑን ጠየቀው። ማሽኑም ዓመቱ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ነው አለው። ለእኛ እውነት ነው፤ ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፣ በፈረንጁ ደግሞ ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ድሮ አልፏል። ምስኪን ላፕቶፕ ያለሁት ከስንት ዓመት በፊት ነው ብሎ ያምናል፤ ድራይቨሩን የሚሰጠው ኮምፒዩተር የዛሬን ቀን ጽፎ ሲልክለት፣ ይህ የሚመጣው ዘመን ወረቀት ነው፣ እንዴት አምነዋለሁ ብሎ ይመልሳል። ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ማን ይመነዝራል? ዋይፋዩ ደህና ነው፣ ካርዱ ደህና ነው። ያንን ቀን የለወጠው የአለበል የራሱ እጅ ነው፤ የለወጠውም አባቱ እንዳይጠይቁት ነው።

«ሥርጉት» አለ።

«ወዬ!»

«እኔ ደደብ ነኝ።»

«እሱንስ ዋይፋዬን ስትወቅስ አውቄዋለሁ» አለች፤ ፊቱን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

ቀኑን ከኢንተርኔት ውሰድ ብሎ አዘዘው። ወዲያው ያ ዝግ የነበረ ሁሉ ተከፈተ፤ ዝርዝሩ መጣ፣ ድራይቨሩ ይወርድ ጀመር። አሁን መሄድ ይችላል? ቢሄድና ጭነቱ በመሐል ቢቋረጥስ? ትንሽ ልጠብቅ አለ። ተጭኖ ሲያልቅ፣ አስነሥቼ ሳላይ አልሄድም አለ። ስክሪኑ ተነሣ፣ ብርሃን ሆነ፣ ጉማሬው ደንገሉን አፉ ላይ አንጠልጥሎ ብቅ አለ። ሥራውን ላውጣና አለ። በየመሐሉ «አሁን» እያለ ቆየ። አባቱ በሩ ሥር ቆመዋል፣ እሱ «አሁን» ይላል። በመጨረሻ ፊልሙ መውጣት ጀመረ፤ ካልተነካ ዐሥር ሰዓት ላይ ያልቃል።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው ሥርጉት። «ሂድ! እኔ አለሁ። የሚነካው ቢኖር እጁን በሻይ ነው የማቃጥለው።»

መንገዱ ከክብረ በዓል በሚመለስ ሕዝብ ተሞልቷል፤ ባጃጁ ይንቀሳቀስ ይቆማል፣ ይንቀሳቀስ ይቆማል። አለበል ግማሽ መንገድ ላይ ወርዶ በሩጫ አቋረጠው። ነጭ የለበሰው ሁሉ ዞር እያለ አየው።

እትዬ እናትዓለም ከበሩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠበሉን ጠዲቁን በመስኮት አቀብለዋቸው ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከጎናቸው አለ። ሲያዩት ተነሡ።

«የት ነበርህ አንተ?» አሉ፤ ድምፃቸው ሰላ። «ሽማግሌ አባትን ከውጭ ቆልፎ መሄድ ከማን ተማርህ? በኅዳር ሚካኤል! ከብት ነው እንዴ የሚቆለፍበት?»

አለበል ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ጓጉንቸሩን ያዘ።

«ተዪው፣ እናትዓለም» የሚል ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ። ቀስ ያለ፣ የጠራ ድምፅ ነው። «አትቆጭው። እኔ ነኝ የቆለፍሁት። ከውስጥ ቆለፍሁና መክፈቱ ጠፋኝ። ልጄ ምን ያድርግ።»

እትዬ እናትዓለም ጓጉንቸሩን አዩ። ከውጭ ነው፣ አለበል እጅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። አለበልን አዩት። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና «እሺ የኔታ፤ እንዲያ ከሆነ ይሁን» አሉ። ሳህናቸውን አንሥተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በሩ ሲከፈት የኔታ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሚካኤል መሆኑን ከሰሙ ጀምሮ አልተቀመጡም። አለበል ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

«ተነሥ፣ ተነሥ» አሉት። «ሥራህ አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«እንግዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ብቻቸውን አልተዋቸውም። ባጃጅ ለምኖ ይዟቸው ሄደ። ሥርጉት ገና ከበር ስታያቸው ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ደህና ወንበር አወጣች፤ ሲጮሁ የዋሉት ተማሪዎች እንኳ ድምፃቸውን ቀነሱ። ፊልሙ ወጥቶ ጠበቀው። አለበል ላከው፤ ደረሰ የሚለውን እስኪያይ ዓይኑን አልጨፈነም። ሰዓቱ ገና ዐሥራ አንድ አልሞላም።

ትንሽ ቆይቶ ሔራን ደወለች። ከኋላዋ ሰው ይስቃል።

«ጉማሬው ገደለን!» አለች። «ሰኞ ትጀምራለህ። እዚያው ከባሕር ዳር፣ እንደ ተነጋገርነው። እንኳን ደስ አለህ!»

አለበል ስልኩን አስቀመጠና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አገኘው። አባቱ የትም አይሄዱም። የኔታ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጉማሬውን እያዩ ነው።

«አሁንም እንዲህ አይስቅም» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ወዳለው ቀን ሄደ፤ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት። «ይህ ዕቃ ደግሞ ወደ ፈረንጁ ተመለሰ?»

«መለስሁት አባባ። በእኛው ቀን ሲሆን ሥራ አልሠራም አለኝ።»

«እንዲያ ነው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «አለበል።»

«አቤት።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

አለበል ቀና ብሎ አያቸው። «ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው፣ አባባ። ሚካኤል ነው። ጧት ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ። ያን ከበሮ ስንት ዘመን ሳስመታ ኖሬ፣ የሠርጉን ከማኅሌቱ አልለይም ብለህ ነው? ቀኑ ነው የጠፋኝ፤ ጆሮዬ አልጠፋ።» ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም። «አንተ ሠርግ ነው አልህ። እኔም ለእናትዓለም፣ የቆለፍሁት እኔ ነኝ አልሁ። በመልአኩ ቀን አባትና ልጅ ተባብረን ዋሸን!» ብለው ሳቁ። አለበልም ሊስቅ ሞከረ፤ ዕንባው ቀደመው።

ሥርጉት ሻይ አምጥታ አስቀምጣ ዞር አለች። የኔታ ስኳሩን ቀስ ብለው አማሰሉ።

«ገድሉ እሑድ ይመጣል፣ አይደል?»

«ደውዬ እንዳይመጣ እነግረዋለሁ። አልሰሙም? ሥራውን እኮ አገኘሁ! የትም አይሄዱም። ቤት ሆኜ ነው የምሠራው።»

«ስትወጣሳ?»

አለበል መልስ ነበረው፤ ሰው እቀጥራለሁ፣ እትዬ እናትዓለም ያዩዎታል፣ ሊል ነበር። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ወጋውና ሳይናገር ቀረ።

«ዛሬ ቆሜ ስውል አሰብሁት፣ ልጄ» አሉ የኔታ። «አንተ እኔን ትጠብቃለህ፣ እኔ በሩን እጠብቃለሁ። ሁለታችንም ታስረናል። የደቁ ቤታችን በር ቁልፍ ኖሮት አያውቅም። እዚያ መንገድ ቢጠፋብኝ የሚያገኘኝ ሁሉ ያስተማርሁት ነው፤ እጄን ይዞ ይመልሰኛል። መድኃኒቱን ገድሉ ያውጠኛል። በእሑዱ ጀልባ እሄዳለሁ።»

«አባባ፣ ይህን ሁሉ የለፋሁ እንዳይሄዱብኝ ነው!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከልቤ የምመርቅህ።» እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ፤ ከበድ ያለ፣ ስትሮኩ ያደከመው እጅ። «ለልደት ትመጣለህ። አንድ ነገር ብቻ አታስቀርብኝ።»

«ምን?»

«ጧት ጧት ደውልና፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ንገረኝ። እውነተኛውን።»

«እሺ፣ አባባ» አለ አለበል።